ዝርዝርን በተዛማጅ የመረጃ ቋት ስለማስቀመጥ፦ ከመርካቶ ተራዎችና ከትምህርት ቤት መዝገብ በተወሰዱ ምሳሌዎች የቀረበ ማብራሪያ

1. መግቢያ

የትምህርት ዕቅድ መሠረቱ ቆጠራ ነው። ስንት ልጆች ተመዘገቡ፣ ስንት መጻሕፍት ይታተሙ፣ በየትኛው ቋንቋ የሚያስተምሩ መምህራን ምን ያህል ያስፈልጋሉ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት በየትምህርት ቤቱ የተጻፈው መዝገብ ተሰብስቦ ሲደመር ነው። ይህ መዝገብ ለረጅም ዘመን በወረቀት ሲያዝ ቆይቶ ዛሬ በብዙ ስፍራ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ይሁን እንጂ መዝገብን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ብቻውን ቆጠራውን ትክክለኛ አያደርገውም። የቆጠራው ትክክለኛነት የሚወሰነው መረጃው በተቀመጠበት ሥርዓት ነው።

ከመረጃ ዓይነቶች መካከል በአቀማመጡ ብዙ ስሕተት የሚደርስበት ዝርዝር ነው። የአንድ ተማሪ የትውልድ ቀን አንድ ብቻ ነው፤ በቤቱ የሚነገሩት ቋንቋዎች ግን ሁለት ወይም ሦስት ሊሆኑ ይችላሉ። የአንድ ግዥ ቀን አንድ ነው፤ የተገዙት ዕቃዎች ግን ብዙ ናቸው። አንድ ዋጋ ብቻ ያለውን መረጃ ማስቀመጥ ቀላል ሲሆን፣ ብዙ ዋጋዎች ያሉትን መረጃ ማስቀመጥ ግን አስቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዝርዝሮች በተዛማጅ የመረጃ ቋት ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ በድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፎች ውስጥ የሚገኘው አስተርጓሚ ክፍል በዚህ ረገድ ምን እንደሚያግዝና ምን እንደማያግዝ ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች ማስረዳት ነው። ፕሮግራም መጻፍ የአንባቢው ሥራ ባይሆንም፣ የሚሞላውን ቅጽ አወሳሰንና የሚያገኘውን ድምር አስተማማኝነት ለመመርመር ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

2. የሠንጠረዥ ትርጉምና የመርካቶ ተራዎች

የተዛማጅ የመረጃ ቋት ሐሳብ የመነጨው ኤድጋር ኮድ ከተባለው ተመራማሪ ነው። ይህ እንግሊዛዊ የሒሳብ ምሁር በካሊፎርኒያ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1970) ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዦች ሊቀመጥ እንደሚችል አሳየ። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ስለ አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድን ነገር፣ እያንዳንዱ ዓምድ የዚያን ነገር አንድ ጠባይ ይገልጻል። ረድፉና ዓምዱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ አንድ ዋጋ ብቻ ይጻፋል። ተመራማሪው ለምሳሌ የወሰደው የሠራተኞችን መዝገብ ሲሆን፣ የአንድ ሠራተኛ ልጆችና የሥራ ታሪኩ ዝርዝር ስለሆኑ ከሠራተኛው ረድፍ ወጥተው የየራሳቸው ሠንጠረዥ እንዲሰጣቸው አድርጓል። ስለዚህ የዝርዝር ጥያቄ ከሥርዓቱ መወለድ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው።

የሐሳቡን ምንነት ለመረዳት የመርካቶን አሰፋፈር መመልከት ይበቃል። በአዲስ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፊ ገበያ የተቋቋመው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ስሙም በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የከተማው ዋና ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በመርካቶ አንድ ዓይነት ሸቀጥ በአንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ ስፍራውም ተራ ይባላል። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ የሚሉት ስሞች ሁሉ ይህን ያመለክታሉ። ሸማ የሚፈልግ ሰው በበርበሬ ተራ አይንከራተትም። የሸማን ዋጋ ለማነጻጸር የሚሻም ከሱቅ ወደ ሱቅ በአንድ መስመር እየሄደ ይጠይቃል። ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው፤ አንድ ዓይነት የሆነውን ነገር በአንድ ስፍራ በመሰብሰቡ መፈለግን፣ ማነጻጸርንና መቁጠርን ያቀላል።

3. አስተርጓሚው ክፍል

ዛሬ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እንደ ድረ ገጽ ነው። ባለሙያው ሁሉንም ከመሠረቱ እንዳይጽፍ የተዘጋጁ ማዕቀፎች አሉ። ከነዚህም አንዱ በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ለሕዝብ የተለቀቀውና በአሜሪካ አገር በካንሳስ በአንድ ጋዜጣ ክፍል ውስጥ የተጀመረው ጃንጎ ነው። ጃንጎ የሚሠራው ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

የመረጃ ቋቱ የሚያውቀው የራሱን የመጠየቂያ ቋንቋ፣ ማለትም ኤስ.ኪው.ኤል.ን ነው። ፓይተን ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነው። በሁለቱ መካከል ቆሞ የአንዱን ወደ ሌላው የሚመልሰው የማዕቀፉ ክፍል በዚህ ጽሑፍ አስተርጓሚ ተብሏል። ባለሙያው «ተማሪ» የሚባል ነገር እንዳለና ምን ምን ጠባይ እንዳለው ይገልጻል፤ አስተርጓሚው ሠንጠረዡን ይሠራል፣ ሲጠየቅም ረድፎቹን አውጥቶ ያቀርባል።

አስተርጓሚው በመርካቶ ካለ ደላላ ጋር ይመሳሰላል። ገዢው የትኛው ዕቃ በየትኛው ተራ እንደሚገኝ ባያውቅም ደላላው መንገዱን ያውቃል። ነገር ግን ደላላው የገበያውን አሰፋፈር አይለውጥም። በአንድ ጆንያ ተደባልቆ የታሰረውን እህል ለይቶ ሊያቀርብ አይችልም። እንደዚሁም በፓይተን ቋንቋ ዝርዝር ራሱን የቻለ ዕቃ ስለሆነ፣ ባለሙያው ያንኑ ዝርዝር እንዳለ በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ የሚቻል ይመስለዋል። ቋቱ ግን ለዝርዝር የተዘጋጀ ሳጥን በተለመደው ሥርዓቱ የለውም። የችግሩ ሁሉ ምንጭ ይህ ልዩነት ነው።

4. በአንድ ሳጥን የተጠቃለለ ዝርዝር

ምሳሌው በመርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ይሁን። በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ በቤቱ ከአንድ በላይ ቋንቋ ቢናገር የሚያስደንቅ አይደለም፤ ነጋዴው ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጣ ነውና። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ከፈቀደ ወዲህ፣ ልጆች በቤታቸው የሚናገሩትን ቋንቋ ማወቅ ለዕቅድ አስፈላጊ ሆኗል። እንግዲህ መመዝገቢያው «በቤት የሚነገሩ ቋንቋዎች» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ቢኖረውና አራት መዝጋቢዎች ስለ አራት ተማሪዎች እንደሚከተለው ቢሞሉ፦

ተማሪ 1፦ አማርኛ፣ ጉራጊኛ
ተማሪ 2፦ ጉራግኛ / አማርኛ
ተማሪ 3፦ ስልጥኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ
ተማሪ 4፦ አማርኛና ጉራጌኛ

ይህን የሚያነብ ሰው ጉራጊኛ የሚናገሩት ሦስት መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል። ኮምፒዩተሩ ግን «ጉራጊኛ» የሚለውን ቃል ፈልግ ቢባል የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው። በቀሩት ሁለት ሳጥኖች ቃሉ በሌላ ፊደል ተጽፏልና። መለያያውም እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ አንዱ ነጠላ ሰረዝ፣ ሌላው እዝባር፣ ሦስተኛው «ና» የሚለውን መስተጻምር ተጠቅሟል። በነጠላ ሰረዝ ላይ ቆራርጦ ለመቁጠር ቢሞከር «አማርኛና ጉራጌኛ» እንደ አንድ ቋንቋ ይቆጠራል።

በአማርኛ ይህ ችግር ከሌሎች ቋንቋዎች ይብሳል። አንድ ድምፅ ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደሎች ስላሉ «ሒሳብ»፣ «ሂሳብ» እና «ኂሳብ» በንባብ አንድ ሲሆኑ፣ ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደሎች መለያ ሥርዓት በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ይህም ፊደሉን በማንኛውም ኮምፒዩተር ለመጻፍ አስቻለ እንጂ አጻጻፍን አንድ አላደረገም።

በቃላት ፈንታ ቁጥሮችን መጻፍም ችግሩን አያስወግድም። አንድ ሳጥን «1፣ 11፣ 21» የሚል ቢይዝና 1 ቁጥር ያለባቸው ሁሉ ቢፈለጉ፣ 11ን ወይም 21ን ብቻ የያዙ ሳጥኖችም አብረው ይወጣሉ። ጃንጎ ራሱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በነጠላ ሰረዝ የተለያዩ ቁጥሮችን በአንድ ሳጥን የሚያስቀምጥ ልዩ የዓምድ ዓይነት ነበረው። ይህ ዓይነት በኋላ እንዳይሠራበት ተመክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ሁለተኛው ዋና እትም ለቀድሞ መዝገቦች ሲባል ካልሆነ በቀር ተወግዷል።

የዚህ አቀማመጥ ጉዳት ወዲያው አለመታየቱ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። ቅጹ ይሞላል፤ ገጹም በትክክል ይነበባል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከዓመት በኋላ፣ የክፍለ ከተማው ወይም የሚኒስቴሩ ባለሙያ ድምር ሲጠይቅ ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት የነበሩት ልጆች አንድ ሆነው ይቆጠራሉ፤ የሚታተመው መጽሐፍም በዚያው ልክ ያንሳል።

5. ዓምድ በማብዛት የተቀመጠ ዝርዝር

ሁለተኛው የተለመደ መንገድ «ቋንቋ አንድ»፣ «ቋንቋ ሁለት»፣ «ቋንቋ ሦስት» የሚሉ ዓምዶችን መደርደር ነው። መምህራን በሚያውቁት ሮስተር ላይም የትምህርት ዓይነቶች በዓምድ ይደረደራሉ። ለአንድ ክፍልና ለአንድ መንፈቅ በወረቀት ሲሠራ ይህ አቀራረብ ጥሩ ነው፤ ዓይን በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይቃኛልና።

በመረጃ ቋት ውስጥ ግን ሦስት ጉድለቶች አሉት። አንደኛ፣ አራት ቋንቋ ለሚናገር ልጅ ስፍራ የለውም፤ ወይም የሠንጠረዡ ቅርጽ መለወጥ አለበት። ሁለተኛ፣ ለአብዛኞቹ ተማሪዎች ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪዎችን ለመቁጠር ሦስቱንም ዓምዶች መጠየቅ ግድ ይሆናል፤ አንዱን የረሳ ጥያቄ የጎደለ ድምር ይሰጣል። ሮስተር መረጃ ለማሳያ የሚሆን ቅርጽ ነው፤ ለማከማቻ ግን አይመረጥም። በትክክል ከተከማቸ መረጃ ሮስተርን ማውጣት ይቻላል፤ ከሮስተር ተመልሶ መረጃውን መለየት ግን አድካሚ ነው።

6. አገናኝ ሠንጠረዥ

ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ የዝርዝሩ አባል የራሱን ረድፍ መስጠት ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ሦስት ሠንጠረዦች ይዘጋጃሉ። የመጀመሪያው የተማሪዎች፣ ሁለተኛው የቋንቋዎች ሲሆን፣ ሦስተኛው ሁለቱን ያገናኛል። በቋንቋዎች ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ቋንቋ አንድ ጊዜ ብቻ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይጻፋል፦

1 — አማርኛ
2 — ጉራጊኛ
3 — ስልጥኛ
4 — ኦሮምኛ

አገናኙ ሠንጠረዥ የሚይዘው ሁለት መለያ ቁጥሮችን ብቻ ነው፦

ተማሪ 1 — ቋንቋ 1
ተማሪ 1 — ቋንቋ 2
ተማሪ 2 — ቋንቋ 1
ተማሪ 2 — ቋንቋ 2
ተማሪ 3 — ቋንቋ 1
ተማሪ 3 — ቋንቋ 3
ተማሪ 3 — ቋንቋ 4
ተማሪ 4 — ቋንቋ 1
ተማሪ 4 — ቋንቋ 2

ጉራጊኛ የሚናገሩት ስንት ናቸው ሲባል፣ ቋቱ በሁለተኛው ዓምድ ቋንቋ 2 ያለባቸውን ረድፎች ቆጥሮ ሦስት ይላል። መዝጋቢው የቋንቋውን ስም አይጽፍም፤ ከተዘጋጀው ዝርዝር ይመርጣል እንጂ። ስለዚህ የአጻጻፍ ልዩነት አይፈጠርም። ስሙ መታረም ካስፈለገም በአንድ ረድፍ ላይ ብቻ ይታረማል። በተጨማሪም በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ የቋንቋ ቁጥር እንዳይገባ፣ አንድ ተማሪም ከአንድ ቋንቋ ጋር ሁለት ጊዜ እንዳይገናኝ ቋቱ ራሱ ይጠብቃል።

የአስተርጓሚው እውነተኛ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በጃንጎ ባለሙያው በተማሪና በቋንቋ መካከል የብዙ ለብዙ ዝምድና እንዳለ በአንድ መስመር ብቻ ይገልጻል፤ አገናኙን ሠንጠረዥ አስተርጓሚው በራሱ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የአንድን ተማሪ ቋንቋዎች መጠየቅም ሆነ የአንድን ቋንቋ ተናጋሪዎች መጠየቅ እኩል ቀላል ይሆናል። ባለሙያው ዝርዝር የያዘ ይመስለዋል፤ ቋቱም በሚያውቀው መንገድ ረድፎችን ይይዛል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሰውን ፍርድ አይተካም። በ1993 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የስልጤ ሕዝብ ራሱን የቻለ ብሔረሰብ ሆኖ መታወቁ ይታወሳል። ስልጥኛ ለብቻው ባልተመዘገበበት በማንኛውም ቀድሞ የተሞላ መዝገብ ላይ አንድን ረድፍ ለሁለት መክፈል ቢያስፈልግ፣ የትኛው ልጅ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ኮምፒዩተሩ ሊያውቅ አይችልም። ሁለትን ስም ወደ አንድ መጠቅለል በትእዛዝ ይቻላል፤ አንዱን ለሁለት መለየት ግን ቤተሰቡን መልሶ መጠየቅን ይፈልጋል። ስለዚህ ሲመዘገብ ዘርዝሮ መያዝ ሁልጊዜ የተሻለ ነው።

7. የዝርዝሩ አባል የራሱ መረጃ ሲኖረው

አንዳንድ ጊዜ ግንኙነቱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ለምሳሌ ትምህርት ቤቱ ከመርካቶ 40 ደርዘን ደብተር፣ 15 ካርቶን ጠመኔና 10 ፓኬት እስክሪብቶ ገዝቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲያስገባ ሞዴል 19 ይሞላል። በዚህ ቅጽ ላይ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ በየራሱ መስመር ይጻፋል። ሦስቱንም ዕቃዎች በአንድ መስመር አጠቃልሎ የጻፈ የግምጃ ቤት ኃላፊ በሒሳብ ምርመራ ጊዜ መልስ ያጣል። የወረቀቱን ቅጽ ያዘጋጁት ሰዎች ከኮምፒዩተር በፊት ይህን ደንብ በተግባር ያውቁት ነበር ማለት ነው።

በመረጃ ቋትም ደንቡ ይኸው ነው። አገናኙ ሠንጠረዥ ከሁለቱ መለያ ቁጥሮች ሌላ ብዛትን፣ ዋጋንና ተራ ቁጥርን የሚይዙ ዓምዶች ይጨመሩለታል። በጃንጎ ይህን ለማድረግ ባለሙያው አገናኙን ሠንጠረዥ ራሱ ገልጾ ዝምድናው በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ያዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው የዋጋ ስፍራ ነው። ዋጋው በዕቃዎች ሠንጠረዥ ላይ ብቻ ቢጻፍ፣ የመርካቶ ዋጋ በተለወጠና አዲሱ በተጻፈ ቁጥር የአምናው ግዥ ሒሳብም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ በግዥው ቀን የተከፈለው ዋጋ በአገናኙ ረድፍ ላይ መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ቅደም ተከተል ነው። በመርካቶ ሱቆቹ በተሰለፉበት ይገኛሉ፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ግን ረድፎች የተወሰነ ተራ የላቸውም፤ ቋቱም በገቡበት ቅደም ተከተል እንደሚያወጣቸው ዋስትና አይሰጥም። ቅደም ተከተሉ ትርጉም ካለው ተራ ቁጥሩ በግልጽ ተጽፎ፣ ሲጠየቅም በዚያው ቁጥር እንዲደረደር መታዘዝ አለበት።

8. አስተርጓሚው የሚደብቃቸው ነገሮች

አስተርጓሚው ሥራን ማቅለሉ ወጪውን ሊሸሽግ ይችላል። የ60 ተማሪዎችን ስምና የየአንዳንዳቸውን ቋንቋዎች የሚያሳይ ገጽ ቢዘጋጅ፣ ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም በመጀመሪያ ተማሪዎቹን በአንድ ጥያቄ ያመጣል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቋንቋዎቹን ለማምጣት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይልካል። በድምሩ 61 ጥያቄዎች ይሆናሉ። ይህ ተላላኪን 60 ጊዜ ወደ መርካቶ ልኮ በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ደብተር እንደማስመጣት ነው። ለአንድ ክፍል ባይታወቅም፣ 1,500 ተማሪዎች ላሉት ትምህርት ቤት ጥያቄዎቹ 1,501 ይሆናሉ፤ ገጹም ይዘገያል። ጃንጎ ከ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ጀምሮ ተዛማጅ ረድፎችን ሁሉ አስቀድሞ በአንድነት የሚያመጣ ትእዛዝ ስላለው፣ ሥራው በሁለት ጥያቄዎች ብቻ ይጠናቀቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስረዛ ነው። አንድ ዕቃ ከዕቃዎች ሠንጠረዥ ቢሰረዝ ያ ዕቃ የተገዛባቸው ረድፎች ምን ይሁኑ? አብረው ይጥፉ ወይስ ስረዛው ይከልከል? የገንዘብና የተማሪ መዝገብ በሆነ ጊዜ ስረዛውን መከልከል ይመረጣል። ጃንጎ ከሁለተኛው ዋና እትሙ ጀምሮ አንድ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ሲያመለክት ባለሙያው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ እንዲያልፍ አይፈቅድም።

9. በአንድ ሳጥን ማስቀመጥ የሚፈቀድበት ጊዜ

ከዚህ በላይ የተገለጸው ደንብ ልዩ ሁኔታ የለውም ማለት አይደለም። ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት በአንድ ሳጥን ውስጥ ተመሳሳይ ዋጋዎችን በዝርዝር የሚይዝ ዓይነት አለው፤ ጃንጎም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይህን ይደግፋል። ጄሰን የሚባለውን የአጻጻፍ ሥርዓት የሚይዝ ሳጥን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ጃንጎ በሚደግፋቸው ቋቶች ሁሉ ይሠራል። እነዚህ ከተራ ጽሑፍ የተሻሉ ናቸው፤ የዝርዝሩን አባላት ለይተው ያውቃሉና። ሆኖም በዝርዝሩ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር በሌላ ሠንጠረዥ በእርግጥ መኖሩን ቋቱ አያረጋግጥም።

ስለዚህ በነዚህ መጠቀም የሚገባው ዝርዝሩ ለብቻው የማይፈለግ፣ የማይቆጠርና ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር የማይዛመድ ሲሆን ነው። ለምሳሌ አንድ መጠይቅ እንደተሞላ ለማስረጃ ይቀመጥ ቢባል በአንድ ሳጥን ማኖሩ ጉዳት የለውም። መርካቶም ቢሆን ልዩ ልዩና ያገለገሉ ዕቃዎች የሚገኙበት ምን አለሽ ተራ አለው፤ ጠቃሚ ስፍራ ነው፤ ነገር ግን ገበያው ሁሉ ምን አለሽ ተራ ቢሆን ኖሮ የሚፈለገውን ለማግኘት ቀኑ ባልበቃ ነበር።

10. ማጠቃለያ

ዝርዝርን በአንድ ሳጥን ማጠቃለል ለመዝጋቢው የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ለቆጣሪው የሚያስከትለው ግን የማይታረም ድምር ነው። የድረ ገጽ ማዕቀፉ አስተርጓሚ አገናኝ ሠንጠረዥን ለመሥራት እጅግ ያግዛል፤ ሆኖም የተሳሳተውን አቀማመጥ በራሱ ወደ ትክክለኛው አይለውጥም። ውሳኔው የሚያርፈው ቅጹን በሚያዝዙትና በሚያዘጋጁት ሰዎች ላይ ነው።

አዲስ የመመዝገቢያ ፕሮግራም ለትምህርት ቤት ወይም ለጽሕፈት ቤት ሲቀርብ የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይጠቅማል፦

ሀ. በቅጹ ላይ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖራቸው የሚችሉት ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው? ለእያንዳንዱ መልስ የራሱ ረድፍ ተሰጥቷል?

ለ. መዝጋቢው መልሱን ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመርጣል ወይስ በፊደል ይጽፋል?

ሐ. የዝርዝሩ አባል ብዛት፣ ዋጋ፣ ቀን ወይም ቅደም ተከተል ካለው የት ተጽፏል?

መ. በሚቀጥለው ዓመት የሚፈለገው ድምር ዛሬ በጥቂት ረድፎች ላይ ተሞክሮ በእጅ ከተቆጠረው ጋር ተመሳክሯል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ቀላልና ጠቃሚ ነው። ማንኛውም መምህር አሥር ተማሪዎችን መዝግቦ፣ ድምሩን በእጁ ቆጥሮ፣ ከፕሮግራሙ መልስ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ አሥር ሺህ ተማሪዎች ከመመዝገባቸው በፊት ቅጹ ወደ አዘጋጁ መመለስ አለበት።